ቴራፒስት ጋ ብሄድ ላይሰንሴን እነጠቃለሁ?

«ሜሪላንድ ውስጥ ናይት ሺፍት የምሠራ አዲስ ነርስ ነኝ። ሥራ ከመግባቴ በፊት መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ ይሻለኛል እላለሁ። ቴራፒስት ጋ ልሄድ አስቤ ላይሰንሴን እንዳልነጠቅ ፈራሁ። ነርሲንግን ልተወው ይሆን?»

እህቴ፣ ከሥራው በፊት «ባልነቃ ይሻለኛል» ያልሽው ይቅደም። ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ ይመጣብሻል? በግልጽ የምጠይቅሽ፣ መጠየቅ ሐሳቡን ስለማያመጣው ነው። መልስሽ «አዎ» ከሆነ ብቻሽን አትሁኚ። የምታምኚውን ሰው ጥሪ፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው የተዘጋጀው የእርዳታ መስመር 988 ላይ ደውዪ። ሌት ተቀን ይሠራል፣ ነፃ ነው፣ በአማርኛ ማውራት ከፈለግሽም አስተርጓሚ ጠይቂ። አደጋው አሁኑኑ ከሆነ 911። «አይ» ብትዪም በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ።

ሰነፍ ወይም ደካማ ሆነሽ አይደለም። በ2021 ጃማ ሳይካያትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ኮቪድ ሳይመጣ በፊት እንኳ አሜሪካ ውስጥ ሴት ነርሶች ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠን ከሌሎች ሴቶች እጥፍ ገደማ እንደነበር አሳይቷል።

አሁን ላይሰንሱ። ቴራፒስት ማየት በራሱ ላይሰንስ አያስነጥቅም። ላይሰንሱን የሚሰጠው የነርሲንግ ቦርድ ጭንቀት ሥራሽን በደህና መሥራት መቻልሽ ነው። ላይሰንስ ለማውጣትና ለማደስ የሚሞላው ፎርም ጥያቄ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ስለዚህ የጓደኛ ወሬ ትተሽ ፎርሙን ራስሽ አንብቢው። «ታክመሽ ታውቂያለሽ?» እና «አሁን ሥራሽን በደህና እንዳትሠሪ የሚያደርግ ሕመም አለብሽ?» በጣም የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የኒውዮርኳ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ሎርና ብሪን በ2020 ራሷን ከማጥፋቷ በፊት፣ በመታከሟ የሥራ ፈቃዷን እንዳታጣ ትሰጋ እንደነበር ቤተሰቦቿ ተናግረዋል። በ2022 ለጤና ባለሙያዎች አእምሮ ጤና በስሟ ሕግ ወጥቷል። ያ ፍርሃት አንቺንም ከሕክምና እንዲያስቀርሽ አልፈልግም።

ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኛ ጥቂት ነፃ የምክር ቀጠሮ አላቸው፤ ኢኤፒ ይባላል። ኤችአርን «ኢኤፒ አለን?» በዪ። እዚያ ያወራሽው አብዛኛውን ጊዜ ለማናጀርሽ አይነገርም። የሥራ ባልደረቦችሽ እንዳያዩሽ ከሰጋሽ ደግሞ ከሆስፒታልሽ ውጭ ታከሚ። ጸበሉንም ጸሎቱንም አትተዪ፤ ከሕክምናው ጋር አይጣሉም።

ነርሲንግን ስለመተው፣ እንቅልፍ ባጣ ጭንቅላት መልቀቂያ አትጻፊ። ከሥራ ገብተሽ ጠዋት ልትተኚ ስትዪ አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስልኩ ይጮኻል፣ ገንዘብ ይጠየቃል፣ ማታ ሳትተኚ ትመለሻለሽ። ይህ ማንንም ይጥላል። ስልኩን ዝጊው፣ የምትደውዪበትን ሰዓት ንገሪያቸው፣ ተጨማሪ ሺፍት ለጊዜው አትውሰጂ። ምናልባት የጠላሽው ሌሊቱን እንጂ ሙያውን አይደለም። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት)፣ ክሊኒክ፣ የትምህርት ቤት ነርስነት፣ ሁሉም በዚያው ላይሰንስ ይሠራሉ። ለመዛወር ስንት ወር መቆየት እንዳለብሽ ኤችአርን ጠይቂ፤ ያን ያህል መጠበቅ ካልቻልሽ፣ ሐኪምሽ የቀን ሺፍት እንደሚያስፈልግሽ ደብዳቤ እንዲጽፍልሽ አድርጊ።