መልስ፦ የገጨኝ ሹፌር «በሽምግልና እንጨርስ» ይለኛል፣ ምን ላድርግ?

እግዜር ይማርህ ወንድሜ። ጅማ ላይ ከባጃጅ ስትወርድ አይሱዙ ገጭቶህ እግርህ ተጎድቷል፤ ሹፌሩም ፖሊስ ሳይሰማ 3 ሺህ ብር ሰጥቶህ መገላገል ይፈልጋል። ሽምግልናው አይከፋም፣ ችኮላው ነው የሚከፋው። አጥንት ዛሬ ደህና መስሎ በወሩ ጉድ ሊያወጣ ይችላል። ሐኪም ጉዳትህን ለይቶ ሳይነግርህ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርም።

ሕክምናው ይቅደም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሂድ ሌላ ቦታ፣ የራጅ ውጤቱን፣ የሐኪም ወረቀቱንና የመድኃኒት ደረሰኙን በአንድ ፌስታል አስቀምጥ። ባጃጅ መቼም ደረሰኝ አይቆርጥም፤ ለምልልሱ ያወጣኸውን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፍ። ከሥራ የቀረህበትንም ጨምር።

ትራፊክ ፖሊስ ጋር ካላስመዘገብክ አሁኑኑ አስመዝግብ። ኢንሹራንሱ ያንን ሪፖርት ይጠይቅሃል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት መኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። እሱ ደግሞ የተገባው ላንተ ዓይነቱ ተጎጂ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪናም የመድን ፈንድ አለ።

መድኑ ካልበቃህ ባለመኪናውን ጠይቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። ክሱን ግን ከ2 ዓመት አታሳልፍ።

ያቺን 3 ሺህ ብር ከሰጠህ ተቀበል። ስትፈርም «ለሕክምና የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ።