ፕሮባዮቲክ ከመግዛታችሁ በፊት፦ በውጭ አገር ላላችሁ ነፍሰ ጡር እህቶች

የአንጀት ባክቴሪያ ያለቀን ያስወልዳል መባሉን ሰምታችሁ ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት ይጠቅማሉ የሚባሉ ሕያው ባክቴሪያዎች ያሉበት ክኒን ወይም ዱቄት) ልትገዙ የተነሳችሁ እህቶች፣ መጀመሪያ ይህን አንብቡልኝ። በሰው አገር በአዋላጅነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የምትሰሙት ወሬ ውሸት አይደለም። ግን ሳይንሱ ገና ሳይጨርስ ሻጮቹ ቀድመዋል።

ሕፃን 37 ሳምንት ሳይሞላው ከተወለደ ያለቀኑ ተወለደ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት እንዲህ ተወልደዋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። እናትም "ምን አድርጌ ይሆን?" እያለች ራሷን ስትወቅስ ትኖራለች። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። አዲስ ምክንያት ተገኘ ሲባል የምንጓጓውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 ሴል ሆስት ኤንድ ማይክሮብ በተባለ የሳይንስ መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። ቻይና ውስጥ ከ5 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮች ሰገራቸው ተመርምሮ እስኪወልዱ ክትትል ተደረገላቸው። ክሎስትሪዲየም ኢኖኩም የተባለው ባክቴሪያ በአንጀታቸው የበዛባቸው ሴቶች ያለቀናቸው የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ባክቴሪያ ኢስትራዲዮልን የሚቀይር ኢንዛይም አለው። ኢስትራዲዮል ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ትልቅ ሥራ ያለው ሆርሞን ነው። ባክቴሪያው የሆርሞኑን ሚዛን ሲያዛባ ምጥ ሊቀድም ይችላል ብለው ያስባሉ ተመራማሪዎቹ።

እኔ ይህን ግኝት አከብራለሁ። ነገር ግን ባክቴሪያው የበዛባት ሁሉ ያለቀኗ ትወልዳለች ማለት አይደለም። እሱን አጥፍቶ ምጥን የሚያዘገይ የተረጋገጠ ሕክምናም የለም። ስለዚህ ሰገራችሁን በፖስታ ልካችሁ አስመርምሩ ቢሏችሁ፣ ይቅርባችሁ። ውጤቱን ይዛችሁ ብትሄዱ ሐኪማችሁ በእሱ ተነስቶ የሚያደርግላችሁ ነገር የለም።

ፕሮባዮቲክም ቢሆን ዝም ብሎ የሚዋጥ አይደለም። ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ግምገማ ፕሮባዮቲክ የእርግዝና ስኳርን ይከላከል እንደሆነ መርምሮ ነበር። ለመከላከሉ ማስረጃ አላገኘም። ይልቁንም በወሰዱት ሴቶች ላይ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከደም ግፊት ጋር የሚመጣው የእርግዝና ሕመም፣ በዝቶ ታየ። ይህ ሕመም ደግሞ ሐኪሞች ሕፃኑን ያለቀኑ እንዲያዋልዱ ከሚያስገድዷቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ከመውሰዳችሁ በፊት አዋላጃችሁን ጠይቁ።

እኛን ስደተኞችን በቀጥታ የሚመለከት ሌላ ጥናት ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ አሜሪካ የገቡ የህሞንግና የካረን ሴቶች በገቡ በወራት ውስጥ የአንጀታቸው ባክቴሪያ መቀየር ጀመረ። አሰር የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ቀነሱ። እዚያው የተወለዱት ልጆቻቸው ላይ ለውጡ የባሰ ነበር። ጥናቱ ስለ እርግዝና አይደለም። ቢሆንም አሰር ያለበትን ምግብ እንዳትተዉ ያስታውሳችሁ፤ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህል። ያለቀኑ የሚመጣን ምጥ ያስቀራል ብዬ አይደለም። ለሆድ ድርቀትም ለስኳርም ስለሚበጅ እንጂ።

አንቲባዮቲክ ላይ ግን ጥብቅ ሁኑ። ከሌላ ጊዜ የተረፈውን አትዋጡ፤ ከጓደኛም አትቀበሉ። ብሪታንያ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ምጥ ቀድሞባቸው የእንሽርት ውኃ ያልፈሰሰና የኢንፌክሽን ምልክት የሌለባቸው ሴቶች አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው፤ እርግዝናው አልዘገየም። ልጆቹ 7 ዓመት ሲሆናቸው ሲታዩ እንዲያውም ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ በዝቶባቸው ተገኘ። በአንጻሩ የሽንት ኢንፌክሽን ተገኝቶባችሁ ሐኪም ካዘዘላችሁ ሳታቋርጡ ጨርሱት። ሳያቃጥል፣ ሳያምም የሚቀመጥ የሽንት ኢንፌክሽን አለ። እሱን ቶሎ ማግኘት ስለሚያስፈልግ የሽንት ምርመራው አይለፋችሁ።

ከዚህ በፊት ያለቀናችሁ ወልዳችሁ ከሆነ፣ ወይም እርግዝና ዘግይቶ ተቋርጦባችሁ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ተናገሩ። ሌላ አገር የሆነ ነገር እዚህ ያሉት ሐኪሞች ፋይል ውስጥ አይገኝም። እናንተ ካልነገራችኋቸው ማንም አያውቀውም። ካወቁ ግን የማህፀን በራችሁን ርዝመት በአልትራሳውንድ ሊለኩ ይችላሉ። አጥሮ ከተገኘ ፕሮጄስትሮን የተባለውን እርግዝናን የሚደግፍ ሆርሞን ሊያዙ ወይም የማህፀን በሩን ሊሰፉት ይችላሉ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ባል ወይም ልጅ እንዲያስተረጉም አትፍቀዱ፤ በእነሱ ፊት የማይወጣ ነገር አለ።

37 ሳምንት ሳይሞላ ሆዳችሁ እየጠነከረ በየተወሰነ ደቂቃ ከተመላለሰ፣ ውኃ ወይም ደም ከፈሰሰ፣ ወገባችሁን ለቀቅ ያዝ ካደረገ፣ ወደ ታች የሚገፋ ነገር ከተሰማችሁ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ አለ። በደንብ የሚሠራው ከመውለዳችሁ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ሲሰጥ ነው። ሌሊትም ቢሆን ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ደውሉና ሂዱ። ምጥ ሳይሆን ቀርቶ ቢመልሷችሁ ምንም አይደል፤ ሲደገምም ሂዱ።