«በክፋት ነው የማትበላው» ላሉኝ እናት

ከአዲስ አበባ፣ ከጀሞ አካባቢ የጻፉልኝ እናት ደብዳቤ ረጅም ነው። ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን አውጥቼ ዋናውን አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«የመጀመሪያ ልጄ 19 ዓመቷ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ያልኳትን ሁሉ እሺ የምትል፣ ጎረቤት የሚቀናብኝ ልጅ ነበረች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ምግብ ጠላች። መጀመሪያ ቀነስ ስትል አምሮባት ስለነበር ደስ ብሎኛል። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም መንፈሳዊ ሆነችልኝ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ፋሲካ ደርሶ ዶሮው ሲቀርብ ግን አልነካችውም። ይኸው እስካሁን ከሻይና ከትንሽ ሰላጣ ሌላ አትቀምስም። እንጀራውን ትቆራርጥና ከትሪው ጠርዝ ላይ ትከምረዋለች፤ ብዪ ስላት ‹ጠግቤያለሁ› ነው መልሷ። የወር አበባዋ ከቆመ አራት ወር ሆነ። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። የሚያበግነኝ ደግሞ ለወንድሞቿ ሳምቡሳ እየጠበሰች ‹ብሉ፣ ብሉ› ማለቷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በስልኳ የምግብ አሠራር ታያለች። እኔን ለማቃጠል በክፋት ካልሆነ ይሄ ምን ይባላል? ቡዳ ነው ያሉኝ ስላሉ ጸበል ወሰድኳት። በግድ ላጎርሳት ስል አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። አባቷ ሥራው ሐዋሳ ስለሆነ ሸክሙ የኔ ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ የተባልኩትን ሁሉ እሺ ብዬ ነው ለዚህ የበቃሁት። እንዴት አድርጌ ላስበላት?»

የተከበሩ እናት፣

ልጅዎን ሳላያት የሕመሟን ስም መናገር አልችልም። የጻፉልኝ ግን አኖሬክሲያ ነርቮሳ ከሚባለው የአመጋገብ ሕመም ጋር በጣም ይመሳሰላል። ይህ ሕመም ሕይወት በመቅጠፍ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነው። ስለዚህ ከምክሬ በፊት ሐኪም ይቅደም፤ በዚህ ሳምንት ይውሰዷት። የልብ ምቷ፣ የደም ግፊቷ፣ በደሟ ውስጥ ያለው የፖታሲየምና የፎስፌት መጠን ይታይ። ራሷን ከሳተች፣ የልብ ምቷ ከተዛባባት ወይም እግሯ ካበጠ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ያድርሷት።

ወደ ክፋቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን፣ በፈቃዳቸው፣ ለስድስት ወር በግማሽ ምግብ ያህል አኖራቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተራበ ሕዝብ እንዴት ተመግቦ እንደሚያገግም ለማወቅ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ልክሳ ብሎ የገባ አልነበረም። ከክብደታቸው ሩቡን ያህል ሲያጡ ግን ጠባያቸው ተለወጠ። ሌላው ሲሞቀው እነሱን በረዳቸው። ከሰው ሸሹ፣ በጥቂቱ ይቆጡ ጀመር። ምግባቸውን እየቆራረጡ አንድ ሳህን ላይ ረጅም ሰዓት ይቀመጡ ነበር። ስለ ወጥ ቤት ግድ ያልነበራቸው ወንዶች የምግብ አሠራር መጽሐፍ እየሰበሰቡ ያነቡ ጀመር።

ትሪው ጠርዝ ላይ የተከመረውን እንጀራ፣ ጋቢውን፣ ሳምቡሳውን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ልጅዎ እርስዎን እያቃጠለች አይደለም፤ ርቧታል። የተራበ አእምሮ ከምግብ ሌላ ማሰብ አይችልም። የእሷ ደግሞ ምግብን ይፈራል፤ ስለዚህ ሲበላ ለማየት የሌላውን አፍ ይፈልጋል።

ጾሙም እንዲሁ ነው። እምነቷን አልጠራጠርም። ነገር ግን ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ቤተ ክርስቲያን ረቡዕና ዓርብን እንኳ አትጾምም። ልጅዎ ያኔም አልበላችም። ጾም መያዣ ብቻ ሳይሆን መፍቻም አለው፤ የእሷ ግን መፍቻው ጠፍቷታል። ቤተሰብ ሁሉ ሲጾም የማይበላ ሰው በዓይን አይገባም፤ ብዙ ሕመም በዚህ ተሸፍኖ ወራት ይቆያል። ይህን ዘግይተው ስላዩ ራስዎን አይውቀሱ። ከነፍስ አባቷ ጋር ይነጋገሩ፤ የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ ከእርስዎ ይልቅ ከእሳቸው አፍ ብትሰማው ይቀላታል።

አሁን ልነግርዎ የፈለግሁትን ልንገርዎ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አክስቷ ያሉትን፣ ጎረቤት ያለውን፣ ጸበል ቦታ የተባለውን ሁሉ አስፍረውልኛል። ከልጅዎ አፍ የወጣ ግን «ጠግቤያለሁ» ከምትለዋና ለወንድሞቿ ከምትለው «ብሉ» በቀር አላገኘሁም። ደብዳቤው ስለ እሷ ሆኖ እሷ የለችበትም። ያለው እሺታዋ ነው። ባሳጠርኩት ክፍል ውስጥ፣ ሥዕል ልማር ብትልዎ «ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለው የጤና ትምህርት እንዳስመረጧት፣ እሷም እሺ እንዳለች ጽፈዋል። ለዘመድ ሠርግ የሚዜ ቀሚስ ስትለካ ዚፑ አልዘጋ ሲል አክስቷ «ይቺ በርሜል!» ብለው ሰውን እንዳሳቁ፣ እሷም አብራ እንደሳቀች ጽፈዋል። «ለቀልድ ነው» ብለው አለፉት። እኔ ማለፍ አቃተኝ። በሰው ፊት በርሜል ተብላ አብራ የምትስቅ ልጅ ከፍቷት እንደሆነ፣ ያን ማታ ጠይቀዋታል?

ሂልደ ብሩክ የተባሉ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ የሥነ አእምሮ ሐኪም ለአሥርት ዓመታት እንዲህ ያሉ ልጃገረዶችን አክመዋል። ከብዙዎቹ ወላጆች የሰሙት ተመሳሳይ ነበር፤ አስቸግራን አታውቅም፣ ጎበዝ ናት፣ ታዛዥ ናት። ልጆቹን ሲያዳምጡ ያገኙት ግን የሚፈልጉትን ለይተው የማያውቁ፣ ሌላው የሚጠብቅባቸውን ብቻ እየፈጸሙ ያደጉ ሰዎች ነበር። እርግጥ ሁሉም ታማሚ እንዲህ አይደለም። የልጅዎን ደብዳቤ (የእርስዎን ማለቴ ነው፤ ግን የእሷ እስኪመስለኝ አነበብኩት) ሳይ ግን እኚህ ሐኪም ትዝ አሉኝ።

የእኛ ቤት ይህችን ልጅ ይመርቃታል። ጨዋ ናት፣ ድምፅዋ አይሰማም፣ እንግዳ ሲመጣ ብድግ ትላለች እንላለን። የመጀመሪያ ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ለወንድሞቿ ሁለተኛ እናት ናት። ምን ትወጃለሽ፣ ምን ደከመሽ የሚላት የለም፤ ተጠይቃ ስለማታውቅም መልሱ ከራሷ ይጠፋታል። ቁጣም፣ እንቢታም፣ ሐዘንም ደንበኛ ስም ሳያገኙ ውስጥ ይቀመጣሉ። ትምህርቷን፣ ልብሷን፣ የምትወጣበትን ሰዓት ሌላው ሊወስንላት ይችላል። ጉርሻ ግን የሚደርሰው እስከ ከንፈር ነው፤ መዋጡ የእሷ ነው። 19 ዓመት ሙሉ እሺ ያለች ልጅ የመጀመሪያዋን እንቢ እዚያ ላይ ብታገኛት፣ አጥብቃ ብትይዛት አይግረምዎ። በግድ ሲያጎርሷት ለእርስዎ የምግብ ጉዳይ ነው። ለእሷ ግን የቀረቻትን አንዲት ነገር መነጠቅ ነው።

ይህን ስል ሕመሙ ነፃነት ሆኖላታል ማለቴ አይደለም። ረሃቡ ሲበረታ እንቢታው ከእጇ ይወጣል፤ አሁን ብትፈልግም መብላት ላትችል ትችላለች። ስለዚህ በምግቧና በሕክምናዋ ጠንክሩ፤ በሕይወቷ ግን ላሉላት። አብዛኛው ቤት የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ በሕይወቷ ላይ አጥብቆ ያዝዛል፣ ምግቡ ላይ ሲደርስ ይለማመጣል፣ ወይ ይጮኻል።

የሚከብድዎትንም ልናገር፤ በአክብሮት ነው። «የተባልኩትን ሁሉ እሺ ብዬ ነው ለዚህ የበቃሁት» ያሉት ዓረፍተ ነገር ከደብዳቤው ሁሉ ከበደኝ። በዚያ ውስጥ ድካም አለ፤ ይመስለኛል ቂምም አለ። እርስዎ ያልተፈቀደልዎን እንቢታ ልጅዎ ስትለው ክፋት ቢመስልዎ ይገባኛል። እርስዎንም በዚያ ዕድሜ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ያለዎት ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። ይህ ሕመም በዘር የመተላለፍ ድርሻው ትልቅ ነው፤ ከሌሎች ብዙ ምክንያቶችም ጋር ይገናኛል። ታዛዥ ሆነው፣ ተቀልዶባቸውም ያልታመሙ ስንትና ስንት ልጆች አሉ። ድሮ ሐኪሞች እናቶችን በደፈናው ይወቅሱ ነበር፤ ያ ቀርቷል። በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሞከረው ሕክምና ወላጆችን የሕክምናው ዋና አጋዥ አድርጎ ገበታው አጠገብ አስቀመጣቸው፤ በተለይ ሕመሙ ባልቆየባቸው ታዳጊዎች ላይ ጥሩ ውጤት አሳየ። የልጅዎም ገና ብዙ ዓመት አልቆየም፤ ይህ ተስፋ ይሰጠኛል።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ ላሉት ጥቂት ልበል፤ ሐኪሟ ሌላ ካለ የእሱን ይስሙ። ምግቡ በሰዓቱ ይቅረብ፣ እርስዎም አብረዋት ይብሉ፤ በደብዳቤዎ «ቦርጭ እንዳላወጣ እራት ትቻለሁ» ያሉትም ለጊዜው ይቅር። ከሳሽ፣ ወፈርሽ፣ አማረብሽ የሚባል ነገር ከቤቱ ይውጣ፤ ለአክስቷም ይንገሯቸው። ብዙ የከሳ ሰውን ባንድ ጊዜ አጥግቦ ማብላት በደም ውስጥ ያለውን ማዕድን አዛብቶ ልብን ሊጎዳ ስለሚችል፣ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ጸበሉን አልከለክልም፤ በባዶ ሆድ ብዙ ሊትር መጠጣትና ማስመለስ ግን በዚህ ሁኔታዋ ያሰጋታል። ከገበታ ውጭ ስለ ምግብ አያውሩ። ስለ ሥዕሉ ይጠይቋት፤ ዝም ብትልም መልሱን እርስዎ አይመልሱላት።

ይህ በደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ትልልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ ከውስጥ ደዌ ሐኪሙ ወደዚያ እንዲልክዎ ይጠይቁ። ሕክምናው ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል፤ ክብደቷ ሲመለስ ፍርሃቱ ወዲያው አብሮ አይለቅም፤ ያን ጊዜ ተስፋ እንዳይቆርጡ። አባቷም ከሐዋሳ ይምጡ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የተጠቀሱት በአንድ መስመር ነው፤ ሐኪሙ ዘንድ ግን ከእርስዎ እኩል ይፈለጋሉ።