ጥያቄና መልስ፦ የሆስፒታል እንግሊዝኛ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር እንደምን ከርመሻል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ሆስፒታል ውስጥ በፅዳት እሰራለሁ። ሀገር ቤት 10ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ አሁን ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ስልጠና ልመዘገብ ነው ግን እንግሊዝኛው ያስፈራኛል። ስልኬ ላይ የሆስፒታል ቃላት የሚል ዝርዝር አውርጄ ማታ ማታ እሸመድዳለሁ፣ የባለሙያው ስም፣ የክፍሉ ስም፣ የዕቃው ስም ምናምን፣ ጠዋት ስነሳ ግማሹ የለም። የቀረልኝም ቢሆን ነርሶቹ ሲያወሩ አንዱንም አልሰማውም፣ ሌላ ቋንቋ የሚያወሩ ነው የሚመስለኝ። ዕድሜዬም ገፋ ብሏል። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ ዕድሜውን እንኳን ተይው፣ ሲኤንኤ ክፍል ገብተሽ ስታዪ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ እናቶች ታገኛለሽ። ሌላ ቋንቋ ይመስለኛል ያልሽው ግን እውነትሽን ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለውና ስራ ላይ የሚወራው እንግሊዝኛ አይገናኝም እኮ። ዝርዝሩ ሽንት ለመሽናት ዩሪኔት ይልሻል፣ ነርሷ ቮይድ አድርጋለች ወይ ብላ ትጠይቅሻለች፣ ታማሚዋ ራሷ ደሞ ፒ ነው የምትልሽ፣ ስለዚ ለአንዱ ነገር ሶስቱንም ማወቅ አለብሽ፣ አንዱ ለፈተና አንዱ ለነርስ አንዱ ለታማሚ። አምቡሌት ማለት በእግር መራመድ ነው፣ 12 (የታማሚዋ ክፍል ቁጥር ነው) አምቡሌት አደረገች ወይ ስትባዪ አምቡላንስ የተጠራ መስሎሽ እንዳትሮጪ። ታማሚዋ ወደ ፍሎር እየሄደች ነው ከተባለም ወለል ላይ ወደቀች ማለት አይደለም፣ ከአይሲዩ (ከፅኑ ህሙማን ክፍል) ወይ ከድንገተኛ ወጥታ ተራ መኝታ ክፍል ልትገባ ነው፣ ከአይሲዩ ከሆነ እንደውም ደስ የሚል ዜና ነው። ነይ 12ን ቡስት እናድርግ ማለት ደሞ 12 ቁጥር ያለችው ሰው አልጋው ላይ ወደታች ተንሸራታለችና ከስሯ ያለውን አንሶላ በሁለት በኩል ይዘን ወደላይ እንሳባት ነው። ሰውን በክፍል ቁጥር መጥራት እኔ አልወደውም፣ ግን ትሰሚዋለሽ።

አሁን ዝርዝሩን ዝጊውና ያለሽበትን እዪ። አንቺ እኮ ከክፍል ጓደኞችሽ ሁሉ ቀድመሻል፣ ሆስፒታል ውስጥ ነሽ። በር ላይ ኮንታክት (በንክኪ የሚተላለፍ በሽታ አለ) የሚል ምልክት ሲለጠፍ ጋውንና ጓንት ሳታደርጊ እንደማትገቢ ታውቂያለሽ፣ ሲ ዲፍ (ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ) ከተባለ ደሞ ክፍሉ በብሊች እንደሚፀዳ፣ እጅሽን በሳሙናና በውሃ እንደምትታጠቢ፣ ጄሉ እንደማይበቃ ታውቂያለሽ (አልኮል የሲ ዲፍን ስፖር አይገድለውም)። ይሄን ከመፅሐፍ የሚሸመድድ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚረሳው። ሻርፕስ (የመርፌና የስለት መጣያው)፣ ሶይልድ ዩቲሊቲ (የቆሸሸ ዕቃ ክፍል)፣ ክሊን ዩቲሊቲ (የንፁህ ዕቃ ክፍል)፣ ነርሲንግ ስቴሽን (ነርሶቹ የሚቀመጡበት)፣ እነዚህን ማንም ሳያስተምርሽ ነው ያወቅሻቸው፣ ለምን? በየቀኑ የሆነ ነገር ስለምታደርጊባቸው ነው። የቀሩትንም እንደዛው ያዢያቸው። አንዱን የታማሚ ክፍል ምረጪና ከበሩ ጀምረሽ በአይንሽ ዙሪው፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ ስሙን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚደረግበት አብረሽ በይ። ኮል ላይቱን (የነርስ መጥሪያውን) ታማሚው እጅ አጠገብ አድርጊ፣ የአልጋውን ጎማ ቆልፊ፣ አልጋውን ዝቅ አድርጊ፣ የራስጌውን ከፍ አድርጊ፣ ዩሪናሉን (የሽንት መያዣውን) ድፊ፣ ቤድፓኑን (ፖፖው ማለት ነው፣ ተኝቶ ስሩ የሚገባው) አውጪ፣ ኮሞዱን (ባለ ፖፖ ወንበሩን) ወደ አልጋው አስጠጊ። ይሄን ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅ አውጥተሽ፣ ሰው ከሌለ። ታማሚ ስታነሺ ወገቡ ላይ የምታስሪለት ቀበቶ ጌት ቤልት ይባላል፣ ጌቱ ግን በር ማለት ሳይሆን አረማመድ ነው፣ አፃፃፉም ሌላ ነው፣ ፈተና ላይ በፅሁፍ ስታዪው እንዳያምታታሽ። ሰውየውን በማሽን የሚያነሳው ሆየር ሊፍት ነው፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ፐልስ ኦክስ፣ አፍንጫ ላይ የሚገባው የኦክስጅን ቱቦ ኔዛል ካኑላ፣ የሽንት ቱቦው ፎሊ። ለአዋቂ የሚታሰረውን ዳይፐር ብለሽ አትጥሪ፣ ብሪፍ ነው የሚባለው፣ ሰው ይከፋዋል።

ከሀገር ቤት ይዘነው የመጣነው ደሞ አለ። ራጅ፣ ፋሻ፣ ጓንት የምንላቸው ከጣልያን የወረስናቸው ናቸው እዚህ አይሰሩም፣ ኤክስሬይ፣ ጎዝ ወይ ባንዴጅ፣ ግላቭስ ነው። ግሉኮስ ተደረገልኝ የምንለው እዚህ አይቪ ነው፣ ግሉኮስ ካልሽ የደም ስኳር ይመስላቸዋል። ነርስም ሲስተር ተብላ አትጠራም፣ እኔን ሲስተር ብለሽ ጠርተሽኛል ደስ ብሎኛል፣ የስራ ቦታሽ ግን በስሟ ጥሪያት።

ሰዎቹን በተመለከተ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር እንዳይመስልሽ፣ ባጁን እዪ። ነርስ ፕራክቲሽነርና (ከፍ ያለ ስልጠና ያላት ነርስ) ፒኤ (የሀኪም ረዳት) መድሃኒት ያዛሉ ግን ሀኪም አይደሉም። ሬዚደንት ተመርቆ ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለ ዶክተር ነው፣ አቴንዲንግ ከሱ በላይ ሆኖ የመጨረሻውን የሚወስነው። ላንቺ ዋናዋ አርኤኗ (ታማሚውን የያዘችው ነርስ) ናት፣ ሲኤንኤ ያየችውን ለዶክተር አይደለም ለሷ ነው የምትነግረው፣ ቻርጅ ነርስ ደሞ ሺፍቱን የምትመራው፣ ማን የትኛውን ታማሚ እንደሚይዝ የምታከፋፍለው። ሌላውን እዛው ትለምጂዋለሽ።

ቁጥር ላይ ግን ልቆጣሽ ነው። የኛ ሰው ብዙ ቃል አውቆ ቁጥር ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ቃል ብትስቺ ይሳቅብሻል፣ ቁጥር ብትስቺ ግን ሰው ይጎዳል። ፊፍቲንና ፊፍቲ፣ ሰርቲንና ሰርቲ በጆሮ መለየት ለኛ ከባድ ነው። ላይኛው የደም ግፊት 115 ከሆነ ጥሩ ነው፣ 150 ከሆነ ከፍ ያለ ነው፣ አንቺ ስትናገሪ ልዩነቱ መጨረሻዋ ላይ ያለችው ድምፅ ብቻ ናት። ስለዚ አንድ በአንድ በይው፣ ዋን ዋን ፋይቭ፣ ዋን ፋይቭ ዚሮ፣ ማንም አይስቅብሽም፣ ጥሩ ነርሶች ራሳቸው እንደዛ ነው የሚያደርጉት። ስትታዘዢም መልሰሽ ድገሚላቸው፣ ሩም 12፣ ቫይታልስ (ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀት ምናምን)፣ በየአራት ሰዓቱ አንዴ፣ ልክ ነኝ? በያቸው። ካልሰማሽ እሺ ብለሽ አትሂጂ፣ እሺ ማለት ትልቁ በሽታችን ነው።

ሰዓቱ ደሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ሆስፒታል በ24 ሰዓት ነው የሚፅፈው፣ እኛ ደሞ ከፀሐይ መውጫ ጀምረን ነው የምንቆጥረው፣ እና ጭንቅላታችን ውስጥ 6 ሰዓት ልዩነት አለ። 0800 ተብሎ ከተፃፈ በኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ 1400 በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ የማታ ሺፍት ከ1900 እስከ 0700 ሲባል በኛ ከምሽቱ 1 እስከ ጠዋቱ 1 ነው። ስምንት የሚለው ቃል ብቻውን ከመጣ የትኛው ስምንት እንደሆነ ለራስሽም ይጠፋሻል፣ በተለይ ሲደክምሽ። የስልክሽን ሰዓት ዛሬውኑ ወደ 24 ቀይሪውና ስራ ላይ ስትሆኚ በአማርኛ ሰዓት አታስቢ፣ ቤት ስትገቢ እንደፈለግሽ። ሙቀቱም በፋራናይት ነው፣ 98.6 ማለት 37 ነው፣ 100.4 ማለት 38 ነው፣ ከዛ በላይ ካየሽ ለነርሷ ንገሪ። የሚጠጣው በአውንስ ይለካል የሚፃፈው ግን በሚሊሊትር፣ አንዱ አውንስ 30፣ ባለ 8 አውንሱ ኩባያ 240፣ ይሄ ፈተና ላይም ይወዱታል።

ስለ ፈተናው ካነሳን፣ የፌዴራሉ ህግ ቢያንስ 75 ሰዓት ስልጠና ይላል፣ ብዙ ስቴቶች ከዛ በላይ ያስተምራሉ። የዕውቀቱን ፈተና በፅሁፍ ወይም ጥያቄው በድምፅ እየተነበበልሽ የመውሰድ ምርጫ አለሽ፣ ማንበብ የሚከብድሽ ከሆነ ስትመዘገቢ ኦራል በያቸው፣ አትፈሪ። የተግባሩ ፈተና ላይ እያንዳንዷን ነገር ለታማሚው እየነገርሽ ነው የምትሰሪው፣ አሁን ወደ ግራ ላዞርሽ ነው፣ ብለሽ። ክፍሉን በአይንሽ እየዞርሽ ተለማመጂ ያልኩሽ እዛ ነው የሚጠቅምሽ።

ጥያቄ፦ እናቴ በቅርቡ ነው ከሀገር ቤት የመጣችው፣ ስኳርና ግፊት አለባት ሆስፒታል እንመላለሳለን። እኔ ስራ ስለማይመቸኝ የ11 ዓመት ልጄ ነች የምታስተረጉምላት፣ እንግሊዝኛዋ ጎበዝ ነው ግን የህክምናውን ቃል አታውቅም። የትኞቹን ቃላት ላስጠናት? አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ።

መልስ፦ ወንድሜ ምንም አታስጠናት፣ ልጅቷን ወደ ትምህርቷ መልሳት። ከፌዴራል መንግስት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል፣ ሜዲኬር ወይ ሜዲኬድ (የመንግስት የጤና መድን) የሚቀበለው ማለት ነው፣ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በፈረንጆቹ 2010 በወጣው የጤና ህግ መሰረት ነው፣ ድንገተኛ ሆኖ ሌላ ሰው ካልጠፋ በስተቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይችሉም። አያት ለልጅ ልጇ ሽንቴ ያቃጥለኛል ትላለች እንዴ? አትልም፣ ደህና ነኝ ብላ ነው የምትወጣው፣ ዶክተሩም ደህና ናት ብሎ ይፅፋል። ቀጠሮ ስትይዝ አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር በላቸው፣ ፋይሏ ላይ ይፃፍላት፣ ብዙ ጊዜ በስልክ ወይ በስክሪን ነው የሚመጣው። አስተርጓሚው እስኪገባ ቆይ ቢሉህ ቆይ፣ እንግሊዝኛ ትንሽ ትችላለች ብለህ እንዳትተወው። ለእናትህ ራሷ ሁለት ነገር ብቻ አስጠናት፣ ሙሉ ስሟንና የትውልድ ቀኗን በእንግሊዝኛ፣ መድሃኒት በተሰጣት ደም በተቀዳች ቁጥር ይጠይቋታል። ቀኑ ደሞ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ይሁን፣ ስትናገር ግን ወሩ ይቀድማል፣ በኛ አቆጣጠር ያለውን ከተናገረች እጇ ላይ ከሚታሰረው የስም ባንድ ጋር ስለማይገጥም መድሃኒቱን ይዘው ይመለሳሉ።