ካፒቴኑ ያየውን ለእኔም አሳዩኝ

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

30 ዓመት ገደማ ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የሳይንስ ልብወለድ እንደምወድ የሰሙ የሰፈሩ ልጆች የጻፉትን ያመጡልኛል። ቀዩን እስክሪብቶዬን ጡረታ አላወጣሁትማ።

ክረምት ላይ አንዱ ጎረቤቴ 40 ገጽ በስቴፕለር አያይዞ ሰጠኝ። አራት ሰዎች ወደ ማርስ ይጓዛሉ። ገጽ 2 ላይ ካፒቴኑ ስክሪኑን አየ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ። ምን አየ? ዝም። ገጽ 9 ላይ «ያ ነገር» ትዝ ብሎት እንቅልፍ አጣ። ገጽ 17 ላይ ለሐኪሟ በጆሮዋ ነገራት፤ እሷም አለቀሰች። እኔ ጠርዙ ላይ «ምን?» እያልኩ እጽፋለሁ። ሰባት «ምን?» ሞላ። ገጽ 38 ላይ ኦክስጅን እያለቀ እንደነበር ታወቀ። በቃ፣ ይኸው ነው።

በጣም ተናደድኩ። ካፒቴኑ ራሱ ባያውቅ ኖሮ አብሬው ግራ ብጋባ ቅር አይለኝም ነበር። ግን ያን ሁሉ ገጽ ጭንቅላቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሚያስበውን ስሰማ ከርሜ፣ አንዷ ነገር ላይ ስንደርስ ብቻ ደራሲው መጥቶ ጆሮዬን ይደፍነዋል።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር አንብባችሁ ግራ ሲገባችሁ «እኔ ነኝ ያልገባኝ» አትበሉ። ይህን ነገር አሁን ማን ያውቃል? ብላችሁ ጠይቁ። ባለታሪኩ እያወቀ እናንተ ብቻ ካላወቃችሁ፣ ንዴታችሁ ትክክል ነው።

ልጁን ስጠይቀው «ጋሼ፣ ሰምና ወርቅ ነው» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ወርቁ እኮ ያለው እዚያው ቃሉ ውስጥ ነው፤ ከሰሚው የተደበቀ ቃል የለም። እንቆቅልሽም ያው ነው። «ምን አውቅልህ» ትላለህ፣ ጠያቂው የሰጠህን ይዘህ ትገምታለህ፣ ካቃተህ አገር ትሰጣለህ። ጥያቄውን ኪሱ ከትቶ «አገር ስጠኝ» የሚለኝ ሰው ግን ከእኔ አንድ ቀበሌ አያገኝም።

መደበቅ ክፉ ነው አላልኩም። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ክረምት ሲገባ ደመናው ሰማዩን ይዘጋባቸዋል። ያኔ ኮከቡ ለባለሙያውም ለእኔም ተሸፈነ፤ እኩል ነን። ከማርስ የተላከ የሬዲዮ መልእክትም እንደ ርቀቱ ምድር ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። «ደህና ነኝ» የሚለው ድምፅ ሲደርሳችሁ፣ ሰውየው አሁንም ደህና መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? እንዲህ ያለውን ጥበቃ እስከ ንጋት ብታቆዩኝ አልሰለችም። የማላውቀው የመሣሪያ ስምም አያስቸግረኝም፤ ሲሠራ ካየሁት ይበቃኛል።

ኦክስጅኑንስ ብትነግሩኝ ምን ትከስራላችሁ? አንድ ሰው በቀን በአማካይ 840 ግራም ገደማ ይጠቀማል። አራት ሰው 3 ኪሎ ከ360 መሆኑ ነው። «10 ኪሎ ቀርቷል» በሉኝና ዞር በሉ። ሦስት ቀን እንኳ እንደማይሞላ ራሴ አሰላዋለሁ። ከዚያ በኋላ አንዷ ለስፖርት ብድግ ስትል ትንፋሹ የሚያጥረኝ እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ አኩርፎ ሄደ። ለመስቀል ሰሞን ግን አዲስ ወረቀት ይዞ መጣ። ማታ መብራት ስለጠፋ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ጀመርኩ። ገጽ 2 ላይ 10 ኪሎዋ ቁጭ ብላለች። ጎሽ አልኩ። ገጽ 6 ላይ ልክ አንድ ቀን አለፈና ካፒቴኑ ጌጁን አየ፤ 5 ኪሎ ከ800 ይላል። ተሳስቷል ብዬ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። 6 ኪሎ ከ640 መሆን ነበረበታ! ደግሜ አሰላሁ። የጎደለው 4 ኪሎ ከ200 ነው። ለ840 ግራም አካፈልኩት።

አምስት።

መርከቧ ላይ ያሉት አራት ናቸው። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። በጨለማው ደረጃ ሁለት ፎቅ ወጥቼ የልጁን በር አንኳኳሁ።