አፍ የሚይዝ ፐርሲመን፣ እጅ የሚይዝ ጃክፍሩት፣ የሚያሳክክ ጎደሬ

ጥያቄዎን አነበብኩት። ፐርሲመን የተባለውን ብርቱካንማ ፍሬ ገና ሲነክሱት አፍዎ ደረቀ፣ ጎደሬውን ሲልጡ እጅዎን አሳከከዎት፣ ጃክፍሩት የተባለውን ግዙፍ ፍሬ ደግሞ ከየት እንደሚጀምሩት ግራ ገብቶዎታል። «የተበላሸ ነው እንዴ የሸጡልኝ?» ብለዋል። አይደለም፤ ሦስቱም ደህና ናቸው። እንደ ፖም አጥቦ መግመጥ ግን አይሆንላቸውም።

ሰውን ከፐርሲመን የሚያጣላው ዓይነቱን ሳይለይ መግዛቱ ነው። ፉዩ የሚባለው እንደ ቲማቲም ጠፍጠፍ ያለ ሲሆን ጠንካራ እያለ ተቆርጦ ይበላል። ሃቺያ ግን ረዘም ብሎ ጫፉ ሾል ያለ ነው፤ እንደገለጹት ከሆነ የእርስዎ ይሄኛው ነው። ውስጡ ያለው ታኒን የተባለ አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ምላስ ጥጥ የለበሰ ይመስላል፤ ውሃ ቢጠጡም ቶሎ አይለቅም። ፍሬው ሲበስል ታኒኑ በምራቅ የማይሟሟ ሆኖ ይቋጠራል፤ ያኔ ምላስ አያገኘውም።

ስለዚህ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ወይም ፖም ጋር በወረቀት ከረጢት አድርገው ከፍሪጅ ውጭ ያቆዩት። ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያበስለዋል። እንደ ጥንካሬው ጥቂት ቀን ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ከሳምንት በላይ ይፈልጋል። ቀለሙን አይመኑት፤ ብርቱካንማ የሚሆነው ከመብሰሉ በፊት ነው። ፍርዱ የእጅ ነው፦ ውሃ እንደሞላ ፊኛ ሲልፈሰፈስና ልጣጩ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲመስል ደርሷል። «ትንሽ ለስልሷል» አይበቃም፤ አንድ ጎኑ ከጠነከረ ያ ጎን አፍ ይይዛል። ሲደርስ አናቱን ቆርጦ በማንኪያ እየጠለቁ መብላት ነው፤ እንደ ማርማላታ ይሆናል።

ከቸኮሉ ሙሉውን ፍሬ ፍሪዘር ውስጥ እስኪጠጥር አቆይተው ያቅልጡት፤ አፍ መያዙ በጣም ይቀንሳል። እሳት ላይ መጣዱ ግን ጥሬውን አያድነውም። ጥሬውን በባዶ ሆድ አብዝቶ መብላትም አይገባም፤ ታኒኑ ሆድ ውስጥ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጓል ሊፈጥር ይችላል፤ በተለይ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ይጠንቀቅ። ጃፓኖች ይህንኑ ጥሬ ፍሬ ልጠው በገመድ ሰቅለው ለሳምንታት ያደርቁታል፤ በየጊዜው በእጅ ያሹታል። ላዩ ላይ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ሻጋታ ሳይሆን ስኳሩ ነው።

ጃክፍሩት መብሰሉን ሽታው ይናገራል፤ ሲመቱት ድምፁ ድፍን ይላል፣ ሲጫኑት ትንሽ ይሰምጣል። ችግሩ ሙጫው ነው። ቢላውንም ሁለቱንም እጅ ከመጀመርዎ በፊት የምግብ ዘይት ይቀቡ፣ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ያንጥፉ። ለሁለት ሲሰነጥቁት ከመሐሉ ነጭ ሙጫ ይንጠባጠባል፤ በወረቀት ጠርገው ነጩን ግንድ ቆርጠው ያውጡ፣ ከዚያ ቢጫዎቹን ፍሬዎች በጣት ይፈልቅቁ። እጅዎን ከያዘዎት መጀመሪያ በዘይት አሽተው ያላቁት፣ ሳሙና ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ ብቻ ምንም አያደርገውም። ቢጫው ውስጥ ያለውን ዘር አይጣሉት፤ እስኪለሰልስ ተቀቅሎ ይበላል። ለወጥ የሚሆነው ግን ያልበሰለው አረንጓዴ ጃክፍሩት ነው፤ የበሰለው ድስት ውስጥ ጣፋጭ ሆኖ ይፈርሳል።

ጎደሬ የሚያሳክከው በውስጡ መርፌ የሚመስሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ስላሉት ነው። እጅም ጎደሬውም ደረቅ እያለ፣ ጓንት አድርገው ይላጡ፤ እርጥብ ሲሆን ማሳከኩ ይብሳል። ቆራርጠው በብዙ ውሃ፣ ቢላ ያለ ችግር እስኪያልፈው ይቀቅሉ፤ ውሃውን ይድፉት። ሲቀምሱት ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ አልበሰለም ማለት ነው፤ መልሰው ይጣዱት። ቅጠሉ ከሥሩ ይበልጥ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል።

መጨረሻ ላይ «ካሳቫና አኪም ልሞክር ነው» ብለዋል። እዚህ ላይ ስህተቱ ከማሳከክ ያልፋል። ካሳቫ የሚበላ ሥር ነው፤ ሳያናይድ የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለው ጥሬውን ፈጽሞ አይቅመሱ። ጣፋጩ ዓይነት ወፍራም ልጣጩ ተነሥቶ፣ በብዙ ውሃ ሳይከደን በደንብ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተደፍቶ ይበላል። መራራው ለቀናት መዘፍዘፍ ወይም ተፍቆ መቡካትና መድረቅ ይፈልጋል፤ ይህ ለጀማሪ አይሆንም። ተቀቅሎም ከመረረ ይጣሉት።

አኪ የጃማይካ ብሔራዊ ፍሬ ነው፤ ያልበሰለው ሃይፖግላይሲን የተባለ መርዝ ስላለው የደም ስኳርን በኃይል ያወርዳል፣ ሰው ገድሏል። የሚለቀመው ዛፉ ላይ ሳለ በራሱ ከተከፈተ በኋላ ብቻ ነው። በእጅ የተከፈተ፣ ከዛፍ ተቆርጦ ቤት ውስጥ የተከፈተ አይቆጠርም። የሚበላው ቢጫው ሥጋ ብቻ ሲሆን ጥቁሩ ዘርና ቀዩ ስስ ሽፋን ይወገዳሉ፤ ከዚያም ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በቆርቆሮ ታሽጎ የመጣውን ይግዙ፤ እሱ ተለይቶና ተቀቅሎ ስለመጣ ማሞቅ ብቻ ይቀረዋል።