የጣሊያን ባሕር ዳርቻዎች፦ ጥያቄና መልስ

ሮም ነው የምኖረው። ሰመር በመጣ ቁጥር «የትኛው ባሕር ልሂድ?» የሚል ጥያቄ ይጎርፍልኛል። የዘንድሮውን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ልመጣ ነው፤ ሮም ሦስት ቀን ብቻ ነው ያለኝ። ባሕሩ ይርቃል?

መልስ፦ ኧረ ቅርብ ነው፣ እህቴ። ፒራሚዴ ሜትሮ አጠገብ የሚነሳው ባቡር በግማሽ ሰዓት ገደማ ኦስቲያ የሚባለው ባሕር ዳርቻ ያደርስሻል። አሸዋው ጠቆር ይላል፣ ውሃውም ያን ያህል ሰማያዊ አይደለም። ክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ፣ የመጨረሻው ጣቢያ ወርደሽ በአውቶቡስ ወደ ካስቴልፖርዚያኖ ብትቀጥዪ ግን ሰፊ ነጻ ዳርቻ አለ። ከኋላው የአሸዋ ጉብታና ቁጥቋጦ ነው። እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ጃንጥላ ሥር አረፍ ብል ገንዘብ ክፈል አሉኝ። ባሕርም ይሸጣል እንዴ?

መልስ፦ ባሕሩስ አይሸጥም፣ ወንድሜ። ዳርቻው የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ግን ቦታውን ለነጋዴዎች በፈቃድ ይሰጣል። እነሱ ጃንጥላና መተኛ ወንበር ደርድረው ያከራያሉ። «ሊዶ» ወይም «ስታቢሊሜንቶ» የሚባለው ይሄ ነው። ወደ ውሃው በቀረብክ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። «ስፒያጃ ሊበራ» የሚል ካየህ ነጻ ነው፤ ፎጣህን አንጥፍ። ሊዶውን አቋርጠህ ወደ ውሃው መድረስ ደግሞ በሕግ የተሰጠህ መብት ነው፤ የሚከለክልህ ካለ አትስማው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ዋና አይችሉም። የት ልውሰዳቸው?

መልስ፦ ሪሚኒ፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ያለችው ከተማ። 15 ኪሎ ሜትር ገደማ አሸዋ ነው፣ ውሃውም ብዙ ርቀት ድረስ ጥልቀት የለውም። የመጀመሪያው የባሕር መታጠቢያ ተቋም የተከፈተው በ1843 ስለሆነ እንግዳ መቀበል ያውቁበታል። ግርግር ለማይወድ ግን አይሆንም። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ልጆቹን ውሃ እንዳታስገቢ።

ጥያቄ፦ መቼ ይሻላል?

መልስ፦ ጁን ወይም ሴፕቴምበር። ኦገስት 15 «ፌራጎስቶ» ነው፤ አገሩ በሙሉ ባሕር ይወርዳል፣ ጠጠር መጣያ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ሳርዲኒያ ደሴት ላይ ፎጣ ይከለከላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ላ ፔሎዛ የሚባለው ዳርቻ ላይ እውነት ነው። ከሥሩ ምንጣፍ ሳታደርግ ፎጣህን አሸዋው ላይ ማንጠፍ አይቻልም። እርጥብ ፎጣ አንስተህ አይተህ ታውቃለህ? ደቃቁ ነጭ አሸዋ ክሩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ አራግፈኸውም አይለቅም። ይህ በሺህ ሰው ሲባዛ ዳርቻው ያልቃል። ለዚህ ነው በሰመር በቀን ከ1,500 ሰው በላይ የማያስገቡት፤ ቀድመህ ተመዝግበህ 3.50 ዩሮ ትከፍላለህ። አሸዋ በጠርሙስ ይዞ መውጣትም ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ ያስቀጣል። እኔ በጣም ትክክል ነው እላለሁ። በቡዴሊ ደሴት ያለውን ሮዝ ዳርቻ ጎብኚ እየዘገነ ስለጨረሰው ዛሬ እግር አይረግጠውም።

ጥያቄ፦ ሜዱዛ (ጄሊፊሽ) ቢነድፈኝስ?

መልስ፦ በባሕር ውሃ እጠቢው፤ በቧንቧ ውሃ አይደለም። አትሺው።

ጥያቄ፦ ላምፔዱዛ ደሴት በጣም ያምራል ይባላል። እኛ ግን እዚያ ሄዶ መዝናናት ነውር አይሆንብንም?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። «የጥንቸሎች ዳርቻ» የሚሉት በጣም የሚያምር ነው፣ የባሕር ዔሊ እንቁላሏን የምትጥልበት። ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ስደተኞች የጫነ ጀልባ በእሳት ተያይዞ ሰጠመ። 368 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ደሴቲቱ ጫፍ ላይ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ «የአውሮፓ በር» የሚባል ሐውልት አለ፤ ከዚያ አደጋ በፊት፣ በ2008፣ ባሕር ላይ ለሞቱ ስደተኞች ሁሉ የቆመ ነው። ገጹ ላይ ከሸክላ የተሠሩ ጫማዎችና ሳህኖች ተለጥፈዋል። መጀመሪያ እዚያ ሄደሽ ቁሚ። ከዚያ ዋኚ፣ ነውር የለውም። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ውሃው ገና ሞቃት ነው፤ በ3ኛው ቀን የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት አለ፣ ከቻልሽ ለዚያ ድረሺ።